ገፈት ቀማሽ፦ ከቤልጅየም የገዳም ቢራ እስከ አትክልት ተራ ጋን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬውን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ወደ መሸታ ቤት ወረድህ?» ብሎ ቀለደብኝ። «አልወረድሁም፤ ተመለስሁ እንጂ» አልሁት። ይህ መልስ ቀልድ እንዳልነበረ ንግግሬ ሲያበቃ ይገለጥላችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ጠርሙሶች ነው። በቤልጅየም ሲማር የቆየ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሲመለስ ሁለት ትናንሽ ቡናማ ጠርሙሶች ይዞልኝ መጣ። በጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አልነበረም፤ ያላቸው ምልክት ቢጫ ቆርኪ ብቻ ነበር። «መምህር፣ ይህ በገበያ የማይገኝ ነው፤ ቀስ ብለው ይቅመሱት» አለኝ። ዌስትቭሌተሬን 12 ይባላል።

መጠጡን የሚጠምቁት በምዕራብ ፍላንደርስ፣ በዌስትቭሌተሬን መንደር በሚገኘው የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም የሚኖሩ የትራፒስት መነኮሳት ናቸው። ገዳሙ በ1831 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ጠመቃው የተጀመረውም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መነኮሳቱ የጠመቃው ሥራ ጸሎታቸውን እንዳይሻማ ምርታቸውን ቀነሱ። ለሰፊው ገበያ የሚሆነውን ቢራ በአጎራባች መንደር ያለ ሌላ ድርጅት በፈቃዳቸው እንዲጠምቅ አደረጉ፤ ይህም ፈቃድ እስከ 1992 ጸና። በ1997 የትራፒስት ገዳማት ማኅበር ተቋቁሞ ሦስት መለኪያዎች አወጣ። መጠጡ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም በቅርብ አካባቢው መጠመቅ አለበት፤ ሥራው በመነኮሳቱ ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት፤ ገቢውም ለማኅበሩ ኑሮና ለምጽዋት እንጂ ለትርፍ መዋል የለበትም።

የዓለም ቢራ አፍቃሪዎች ይህን መጠጥ በተደጋጋሚ የዓለም ምርጥ ብለውታል። የትኛውም ፋብሪካ እንዲህ ያለ ዝና ቢያገኝ ምርቱን በእጥፍ ያሳድግ ነበር። መነኮሳቱ ግን ለአንድ ሰው የሚሸጡትን በልክ ወሰኑ፤ ገዢው አስቀድሞ ቀጠሮ እንዲይዝና መልሶ እንዳይሸጥ ጠየቁ። የሚጠምቁት ለመኖር ነው፤ የሚኖሩት ለመጥመቅ አይደለም። ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉት የገዳማቸውን ሕንፃ ለማደስ ገንዘብ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012፣ በስጦታ ሣጥን አሽገው ከገዳሙ ውጭ ሲሸጡ ነበር።

ወደ ቅምሻው ልግባ። ከፒያሳ አስፋልት ወደ አትክልት ተራ ቁልቁል በሚያሳይ የአንድ ወዳጄ ቤት፣ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈትን። እንደ ተራ ቢራ በጣም መቀዝቀዝ የለበትም፤ ብርድ መዓዛውን ይዘጋዋል። በሰፊ ብርጭቆ ስንቀዳው መልኩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ታየ፤ አረፋው የደረቀ ሣር ቀለም ነበረው። ሽታው የደረቀ በለስና ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ትኩስ የዳቦ ቅርፊት ነው። በአፍ ውስጥ መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ቀጥሎ ይመራል፤ በመጨረሻም ደረትን ያሞቃል። የአልኮል መጠኑ 10.2 በመቶ በመሆኑ የሚጠጣው በጥድፊያ አይደለም።

ሁለተኛውን ጉንጭ ስወስድ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ደረሰብኝ። የዳቦው ቅርፊትና የተቆላው እህል ጣዕም አንድ ግቢ አስታወሰኝ፤ ከመስኮቱ ሥር ካለው ገበያ ጀርባ፣ ከደጃፉ በላይ በዘንግ ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ግቢ። የአክስቴ ጠላ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ ስሜቴን ትቼ ወደ ዕውቀቱ ልመለስ። ተመሳሳይነቱ እውን ነው ወይስ የናፍቆት ቅዠት? የጠላን አሠራር ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል በፍሬው ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ይህ ብቅል ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ተበጥብጦ ጥንስሱ ይጣላል። ከቀናት በኋላ የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። ቀጥሎ የተቆላው ገብስ፣ አሻሮው፣ ተፈጭቶ ይገባል። በመጨረሻ በውኃ ይሞላና ጋኑ ይታሸጋል። የመፍላቱን ሥራ የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው እርሾዎችና አሲድ ፈጣሪ ባክቴሪያዎች ናቸው።

የሁለቱ መጠጦች ዝምድና ከእሳት የመጣ ነው። ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠረው፣ በፈረንሳዊው ኬሚስት በማያር ስም የሚጠራው ምላሽ፣ ለዳቦ ቅርፊት፣ ለተቆላ ቡናና ለአሻሮ ጥቁረትንና መዓዛን ይሰጣል። ቤልጅጎች የጥቁር ቢራቸውን ቀለምና የበለስ መዓዛ በአብዛኛው የሚያገኙት በእሳት ከጠቆረ ስኳር ነው፤ አክስቴ የምታገኘው ከምጣዷ ነበር። እነሱ ምሬቱን ከሆፕ አበባ፣ እሷ ከጌሾ ታወጣለች። ልዩነቱም ግልጽ ነው። ጠላ ጭስ አለው፣ ጥቂት ይኮመጥጣል፣ የአልኮል መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። የገዳሙ ቢራ በጠርሙሱ ውስጥ ለዓመታት ይበስላል፤ ጠላ ግን በቀናት ውስጥ ካልተጠጣ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። አንድ ዓይነት ጥያቄን በሁለት ቋንቋ የመለሱ ናቸው እላለሁ።

ጥያቄው ደግሞ የጣዕም ብቻ አይደለም። በሀገራችን ጠላ የገበያ ሸቀጥ ከመሆኑ በፊት የማኅበር መጠጥ ነው። በሰንበቴው፣ በዝክሩ፣ በጽዋ ማኅበሩ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ቆርሰው ጠላ ይጠጣሉ፤ የወሩ ደጋሽ ጽዋውን ለተረኛው ያስረክባል። ከዚህ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር አንሥቶ እስከ ገጠሩ ደብር ድረስ ሥርዓቱ ይህ ነው። ታሪኩም ሩቅ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና፣ ድል አድርጎ ወደ ሌላ አገር ላሰፈራቸው የቤጃ ሰዎች የሰጠውን ስንቅ በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከእንጀራውና ከሥጋው ጋር ጠላንም ጠቅሷል። ንጉሥ በድንጋይ ያስጻፈውን መጠጥ እኛ በወረቀት ለመጻፍ ማፈራችን ያስገርማል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስሁ። የዌስትቭሌተሬኑን ቢራ የዓለም መነጋገሪያ ያደረገው ምንድን ነው? ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ግሩም ጣዕም ብቻውን አይታወቅም። ከጣዕሙ ጋር ቦታ አለው፤ የተጻፈ ደንብ አለው፤ ከአንዱ ጠማቂ ወደ ቀጣዩ የሚሻገር መዝገብ አለው፤ «ይበቃል» የሚል ወሰን አለው። የእኛ ጠላ ቦታና ሥርዓት ነበረው፤ የጎደለው መዝገብ ነው። የእኛ ከተማ ለቢራ ክብር የሰጠው ቀደም ብሎ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ አለ። ከፋብሪካው በፊት የነበሩት፣ ከፋብሪካውም ጋር ጎን ለጎን የኖሩት ጠማቂ ሴቶች ግን የልክ ደብተር እንኳ አልነበራቸውም።

እንዳታሳስቱኝ፤ ጠላን በጭፍን ለማወደስ አልቆምሁም። ልኩ ከጋን ጋን ይለያያል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ያሳምማል፤ ስካር ያፈረሰውን ቤትም በዚያው ግቢ በልጅነት ዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ግን መጀመሪያ ነገሩ ጥናት የሚገባው መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናገር። አክስቴ ያሳደገችኝና ያስተማረችኝ በዚያ ጋን ገቢ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በቅጹ ላይ «የአሳዳጊ ሥራ» የሚል መስመር ነበር። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁ። ጠላ ሻጭ ብዬ መጻፍ አሳፈረኝ። ያን ቅጽ ማንም አላረመውም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላረምሁትም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ ዋቢ ያልተጠቀሰበትን የተማሪ ጽሑፍ ስመልስ፣ የራሴ ሕይወት የመጀመሪያ ዋቢ ተሰርዞ ነበር።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዤ ወደ አክስቴ ሄድሁ። ዛሬ ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፤ የምትኖረው በከተማው ዳርቻ፣ ጋን በማይገባበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። በብርጭቆ ቀዳሁላት። አሸተተች፤ በጥቂቱ ቀመሰች፤ ዝም አለች።

«ጠንሳሹ አልቸኮለም» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን ጌሾው የታለ?»

«የእነሱ ሌላ ነው፣ እትዬ።»

«ጭስም የለው። እሳቱን ግን ያውቅበታል። ማን ጠነሰሰው?»

«መነኮሳት ናቸው።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

ጠርሙሱን አገላበጥሁት። የሰው ስም አልነበረበትም። መነኮሳቱ ስማቸውን የተዉት በፈቃዳቸው፣ በስእለታቸው ነው፤ የገዳማቸው ስም ግን ዓለምን ዞሯል። የአክስቴ ስም የቀረው በእሷ ፈቃድ አይደለም። የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ስምን መተውና ስምን መነጠቅ አንድ አይደሉም፤ ይህን ያስተማረኝ ያ ወረቀት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ነው።

ጊዜው እያለቀ ነው። አትክልት ተራን ታውቁታላችሁ፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ልማቱን ለመንቀፍ ወይም ለማወደስ አይደለም ይህን ማንሣቴ። ቤት ሲነሣ ካርታው ማዘጋጃ ቤት ይቀራል፤ በአንዲት ሴት እጅ ውስጥ ያለ ልክ ግን የትም አይቀርም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር እለምናለሁ። የኬሚስትሪና የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች፣ የጋኑን እርሾና የጌሾውን ምሬት ለኩ። የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎች፣ አሻሮ፣ እንኩሮ፣ ጉሽ፣ ቅራሪ የሚሉትን ቃላት ከነአገባባቸው መዝግቡ። ሁላችሁም ደግሞ በቤታችሁ የምትጠምቅ እናት ወይም አያት ካለች፣ በዚህ ሳምንት አጠገቧ ተቀምጣችሁ ጠይቋት፤ ስሟንም ከጽሑፋችሁ ራስ ላይ አስፍሩ።

በአማርኛችን «ገፈት ቀማሽ» የምንለው መከራው ቀድሞ የሚደርስበትን ሰው ነው። ገፈት በጠላው ላይ የሚንሳፈፈው ነው። አክስቴ አዲስ ጋን ስትከፍት ማንም ደንበኛ ሳይቀምስ ያንን ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ነበረች፤ ጠላው ቢበላሽ በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ። የእኔ ትምህርት ገፈቱን የቀመሰችው እሷ ናት። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ያንን ቅጽ ዛሬ በፊታችሁ አርሜዋለሁ፦ የአሳዳጊዬ ሥራ ጠላ ጠማቂ።