በመንገድ ላይ ያገኘነው የእጅ ጥበብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 የምንናገረው በፋሲካ ዕረፍት በጉራጌ አገር ስላደረግነው ጉዞ ነው። ዐሥራ አራት ተማሪዎችና አንድ መምህር ሆነን ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወልቂጤ ገባን። ከዚያም በእምድብርና በአገና በኩል፥ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ቡታጅራ ተነሣን።

የመንገዱ ችግር የተጀመረው ገና ከወልቂጤ መናኸሪያ ነው። የአንድ ጓደኛችን ከረጢት በሌላ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወደ ሆሳዕና ሄደ። በማግሥቱ ተመለሰ፤ በውስጡ የነበረው ድፎ ዳቦ ግን አልተመለሰም። በእምድብርና በአገና መካከል ደግሞ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ሲወርድ እርሱም ነፋስ የለውም። ረዳቱ ጎማውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ እንደ ሄደ ዝናቡ ወረደ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከአጥራቸው ብቅ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ምን ያቆማችኋል? ግቡ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። በጀፎረው፥ ማለት በመንደሩ መካከል በሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፥ ሮጠን ቤታቸው ገባን።

የጉራጌን ቤት ከውጭ ያየ ሰው ጎጆ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ግን ዝም ይላል። በመካከሉ አንድ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል፤ ከእርሱ የሚነሡት እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ሽቦ በዙሪያው ተዘርግተው ጣሪያውን ተሸክመዋል። ዐይናችን እስከ ደረሰበት አንድ ምስማር አላየንም፤ ሁሉም በገመድ የታሰረ ነው። በግድግዳው ላይ ጥቋቁር ጣባዎች፥ የቀንድ ማንኪያዎችና ከእንጨት የተፈለፈሉ ገበታዎች በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ጣባ ክትፎ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየሆቴሉ ስንበላበት ግን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ጠየቅን። እማማ እጃቸውን ወደ መንደሩ ዳር ዘረጉ፤ ዝናቡ ሲያባራም ወደ ሠሪዋ ሄድን።

ሴትዮዋ የሸክላ መንኰራኩር የላቸውም። ጭቃውን ከፊታቸው አድርገው በጣታቸው እያዞሩ ያወጡታል፤ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ያሹታል፤ ከደረቀም በኋላ በእሳት ይተኩሱታል። በእሳቱ ውስጥ ከተሰነጠቀ የብዙ ቀን ድካም ቀረ ማለት ነው። የሒሳብ መምህራችን የአንዱን ጣባ አፍ በክር በአራት ወገን ለኩት። ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት አይሞላም! እኛ በኮምፓስ ስንሥል ከዚህ የባሰ እንሳሳታለን።

የመረጥናቸውን ሰባት ጣባዎች ተሸክመው እስከ እማማ ቤት ሸኙን። ቡና ተፈልቶ ነበር። እኛ ገባን፤ እርሳቸው ግን ከደጃፍ ቆሙ፤ ሲኒያቸውም ወደ ውጭ ተላከላቸው። እማማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለማያውቋቸው ለእኛ ቤታቸውን የከፈቱ ናቸው። ነገሩ ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው። በጉራጌ አገር ሸክላ ሠሪውና እንጨት ጠራቢው ከሌላው ጋር የማይጋባ፥ መሬትም የሌለው ተደርጎ ኖሯል። አሜሪካዊው ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች የሚጠሩበት ስም አለ፤ ስድብ ስለ ሆነ እኛ አንደግመውም።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሴትዮዋ ልጅ ግን፥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፥ ወደ ጎን ጠርታን የእናቷን ሥራ በትምህርት ቤቷ እንዳናወራባት ለመነችን። የመንደሩን ስም ያልተናገርነው ስለዚህ ነው።

ቡታጅራ አድረን በጢያ በኩል ተመለስን። 36ቱ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ በብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው በአክብሮት ያዩአቸዋል። አንድ ጓደኛችን፥ «ጠራቢ የሚከበረው ከሞተ በኋላ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችን ድንጋዩን አዩ እንጂ አልመለሱለትም።

ስለዚህ፥ ክቡር ዲሬክተራችን፥ አንድ ልመና አለን። በሚመጣው ዓመት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ አንዲት ሸክላ ሠሪ ተጋብዘው ያስተምሩ፤ እንደ ማንኛውም መምህር ይከፈላቸው፤ ምሳቸውንም ከመምህራን ጋር በአንድ ገበታ ይብሉ። የምሳውን ወጪ እኛ ተመራቂዎቹ አዋጥተን እንሄዳለን። ከወላጆቻችን መካከል ይህ ቅር የሚለው ይኖር ይሆናል። ከእኛም አምስቱ አባቶቻቸው ከዚያው አገር ናቸው፤ ልመናውን አስቀድመው የፈረሙት እነርሱ ናቸው።

ስድስቱ ጣባዎች በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኙ ከንግግሩ በኋላ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ሰባተኛው በቡታጅራ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ጣሪያ ሲወርድ ተሰብሯል፤ የውስጡን ጭቃ ለማየት ለሚወድ ስብርባሪውን አኑረናል። የቀሩትን ስታነሡ እባካችሁ በሁለት እጅ ይሁን።