ድንጋይ መቀባት ለጀማሪ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በግንቦት ወር የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ድንጋይ ነው። «ድንጋይ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት እናታችን የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገብተው እግራቸው መሰበሩን የምንረሳው አይደለም። የቦዩን ጠርዝ የሚያሳይ አንዳች ነጭ ነገር አልነበረም። ድሮ የመንገድ ዳር ድንጋይ በኖራ ይቀባ እንደነበረ ትልልቆቻችን ታስታውሳላችሁ። እኔ የምለው፣ ክረምቱ ሳይገባ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ መቀባት ይማሩ፤ እጃቸው ሙያ ይልመድ፤ የቀቡትም በቦዩ ዳር ይደርደር ነው።

በመጀመሪያ ድንጋዩን እንምረጥ። ለመማሪያ የእጅ መዳፍ የሚሞላ፣ ለቦዩ ዳር ግን ሕፃን ሊያነሣው የማይችል ትልቅ ይሁን። በከተማችን በብዛት የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ፊት ያለውን ምረጡ። ቀይ አሽ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ቀለሙን ጠጥቶ ይጨርስባችኋል። ከግንብ ሥርና ከወንዝ መከላከያ ላይ ድንጋይ አትንቀሉ፤ ከግንባታ የተረፈውን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። ልጆችን ወደ ወንዝ አትላኩ። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ማጠብና ማድረቅ። ድንጋዩን በሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። እኔ መጀመሪያ የቀባኋቸው ስምንት ድንጋዮች አንድ ወር ሳይሞላቸው ተላጡ። ቀለሙን ስረግም ከረምኩ፤ ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው! ላዩን አይቼ ደረቀ ብዬ ቀባሁት፤ ውስጡ ግን ርጥብ ነበር። ርጥበቱ ሲወጣ ቀለሙን ይዞት ወጣ። ቸኩላችሁም እሳት ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ውሃ ያዘለ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አቀባቡ። ቤት ሲቀባ የተረፈ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ካላችሁ ይበቃል። በስሱ ቀቡ፤ ሲደርቅ ድገሙት። ጥቁር ድንጋይ ሁለት ጊዜ ካልተቀባ ጥቁረቱ ከሥር ይታያል። አንድ ጊዜ አወፍሬ ልገላገል ያለ ሰው ቀለሙ ተንዠርግጎ ይቀርበታል። የድንጋዩን ሆድ፣ ማለትም መሬት የሚነካውን፣ አትቀቡት፤ ርጥበት መውጫ ይፈልጋል።

ነጩ ከደረቀ በኋላ ንድፉን በእርሳስ በቀላሉ ንደፉ። ጀማሪ አበባና ወፍ ልሣል ብሎ አይድከም። የጥለት መስመር፣ የመሶብ ስፌት ላይ የምናየው ዓይነት ሦስት ማዕዘን፣ ነጠብጣብ በቂ ነው። ሰፊውን ቦታ አስቀድሙ፣ መስመሩን አስከትሉ፣ ነጠብጣቡን በመጨረሻ በክብሪት እንጨት ጫፍ አድርጉ። ለቦዩ ዳር የሚሆነው ግን ግማሽ በግማሽ ነጭ ሆኖ ይቅር፤ በጨለማ የሚታየን ነጩ ነውና። በማግሥቱ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ትልልቆቹ ይደርቡበት፤ ይህ የልጆች ሥራ አይደለም።

አሁን ዋናውን ላሳስባችሁ። በየጓዳው ዓመታት ያስቆጠረ የዘይት ቀለም ቆርቆሮ አለ። እሱን ለልጆች እንዳትሰጡ! በዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይም በቢጫውና በቀዩ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ መጻፊያውን ማለቴ አይደለም። ይህ ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተገዛውን ቆርቆሮ ግን ደንቡ ከጓዳችሁ ገብቶ አያወጣላችሁም። አሮጌ የበርና የመስኮት ቀለምም በብርጭቆ ወረቀት አታስፍቁ፤ ብናኙ የባሰ ነው። ልጆች ሲቀቡ አይብሉ፣ ብሩሽ በአፋቸው አያሹሉ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ሥራው ትንሽ ነው። ድንጋይ ቦይ አይደፍንም፤ መብራትም አይተካም። የቦዩ መክደኛ እስኪሠራ ድረስ ግን እግራችንን የት እንደምናሳርፍ ያሳየናል። ልጅም ራሱ የቀባውን ድንጋይ ከቦታው አይነቅልም፤ ሌላውም ሲነቅል ዝም ብሎ አያይም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ እንገናኝ። እያንዳንዱ ቤት ታጥቦ የደረቀ አንድ ድንጋይ ይዞ ይምጣ። የደረቀ ነው ያልኩት፤ አደራ!