በዝናብም በበረዶም በቢስክሌት



ዛሬ ሦስት ፎቶግራፎች ይዘንላችሁ መጥተናል። ፎቶግራፍም እንደ ጽሑፍ ይነበባል። እስቲ አብረን እናንብባቸው።

የመጀመሪያው የተነሣው በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። አንዲት እናት አንዱን ልጅ ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አስቀምጣ ቢስክሌት ትነዳለች። የዝናብ ልብሳቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው ይከተላሉ። እሽቅድምድም እንዳይመስላችሁ። እሷ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታደርስ፣ እሳቸውም ወደ ጉዳያቸው ሊሄዱ ነው።

ሁለተኛው በፊንላንድ አገር፣ ኦውሉ በምትባል ከተማ የተነሣ ነው። እዚያ በረዶው እንደ እኛ አገር ጠጠር ሆኖ አይወርድም፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየረገፈ ምድሩን ያለብሳል። ውኃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ ዜሮ ዲግሪ ይባላል፤ በኦውሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። በፎቶግራፉ ላይ ግን ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ በቢስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በረዶ ጠራጊ መኪና ጎህ ሳይቀድ መንገዳቸውን ጠርጎና ደልድሎ አዘጋጅቶላቸዋል።

ሦስተኛው የቆየ ፎቶግራፍ ነው። ቦታው ቡሲያ፣ የኡጋንዳና የኬንያ ድንበር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ወጣት በቢስክሌቱ ኋላ መቀመጫ አበጅቶ ሰው ጭኗል። እንዲህ ያሉት ሠራተኞች መንገደኛውን ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ስለሚያመላልሱ «ቦዳ ቦዳ» ተባሉ፤ ቃሉ ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ሞተር ቢስክሌት ይዘዋል። ወጣቱ ግን የተለየ መንገድ የለውም፤ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሆላንድን ሰዎች ያየ፣ «ተፈጥሯቸው ነው፤ ዝናብ አይበግራቸውም» ይል ይሆናል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ሆላንዶች ከጥንት ጀምሮ ቢስክሌት ይወዱ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መኪና በዛ። ለመኪና መንገድ ሲባል ቤት ፈረሰ፤ ባለ ቢስክሌቱም ወደ ዳር ተገፋ። በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በ1972 ልጁ በመኪና አደጋ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ጽሑፉ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ወላጆች ተሰበሰቡ፤ አደባባይ ወጡ፤ ልጆቻቸው የሚጫወቱበትን ጎዳና ለመኪና ዘጉ። በ1973 መጨረሻ ነዳጅ ሲጠፋ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡም ባዶውን አውራ ጎዳና በቢስክሌት ሞላው። ከዚያ ወዲህ ለቢስክሌት ብቻ የሚሆን መንገድ በየከተማው እየተሠራ ሄደ። ዛሬ ርዝመቱ ከ30,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ቢስክሌቱ 23 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፎቶግራፍ እንመለስ። ቅድም ያላየነው ነገር አለ። ከእናቲቱ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ጠርዝ ይታያችኋል? መኪናው ከጠርዙ ማዶ ነው። ዝናቡ እኮ ያበሰብሳል እንጂ አይገድልም። እናቲቱ ልጆቿን ይዛ እንድትወጣ ያስቻላት ያ ጠርዝ ነው። እሱንም ያስገኙት፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ናቸው። ኀዘናቸውን በልባቸው ይዘው ዝም አላሉም፤ በጽሑፍ አወጡት፤ ተባብረው ጠየቁ።

በእኛም አገር እንደ ባሕር ዳር ባሉ ሜዳማ ከተሞች ቢስክሌት የብዙ ሰው እግር ነው። ቢስክሌት ያለውም የሌለውም ግን ልጁን በየማለዳው ወደ መንገድ ይልካል። ነገ ጠዋት እስቲ ያንን መንገድ እንደ ፎቶግራፍ እንመልከተው። ልጁ የሚሄደው በየት በኩል ነው? መኪናውስ? ያየነውን ጽፈን እንምጣና እንወያይበት።