አባ ጅፋርና የእኛ ደንብ



ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣትነታቸው ሲነግሡ ዋና አማካሪያቸው እናታቸው ጉሚቲ ነበሩ። ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ ግብር መክፈልን ከጦርነት መረጡ፤ ጅማም በራሷ ሰው ተዳደረች። በ1897 ጎረቤት ከፋ በጦርነት ስትጎዳ፣ የሂርማታ ገበያ ደምቆ ነበር። በዚያ ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበርም አንረሳም።

ንጉሡ ሲያረጁ ግን አስተዳደሩ ላላ። በ1932፣ ባረፉበት ዓመት፣ የጅማ ራስን ማስተዳደር አበቃ።

እኛ ሒሳብ ያዦች የምንለው ይህን ነው፦ በወቅቱ የተከፈለ መዋጮ ያስከብራል። ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤና ሁለት ፈራሚ ከሌለ ግን የላባችን ቁጠባ ከአንዲት ሊቀመንበር ጋር ያረጃል። ስለዚህ ዛሬ የመተዳደሪያ ደንባችንን ሳናጸድቅ አንበተን።