የአንድ ግቢ ሁለት ውሾች
(በራዲዮ የተነገረ)



በግቢያችሁ ሁለት ውሾች ያሉ እንደሆነ፥ በበዓል ቀን በጉ ታርዶ ሥጋው ከተበለተ በኋላ ከጓሮ በኩል ድንገት የሚሰማውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። የቤቱ ጌታ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሠራተኛይቱ ትጮኻለች፤ ልጆች ለማየት ይሮጣሉ። ጸቡ ሲያበቃ አንደኛው ውሻ ጆሮው ተቀዶ ከአጥሩ ሥር ይተኛል፤ ሌላው አጥንቱን በሁለት እግሩ አቅፎ ያጉረመርማል። ስለዚህ ነገር ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር የፈለግሁት፥ ጉዳዩ የውሾች ብቻ ሆኖ ስለማይቀር ነው። በሁለት ውሾች መካከል የሚገባው እጅ የሕፃን እጅ ሊሆን ይችላልና።

ውሻ በመብል ላይ የሚያሳየው ስስት ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቆሼን ይመልከት። ከአየር ጤና ብዙ የማይርቀው ይህ ስፍራ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት መሆኑንም የከተማው ሕዝብ አልረሳውም። በዚያ የመኪናው ጭነት በተገለበጠ ጊዜ ሰውም ውሻም አሞራም በአንድነት ይሰበሰባል። ውሻው ያገኘውን ቁራሽ እዚያው ቆሞ ካልዋጠው ወይም ጥርሱን አሳይቶ ካልጠበቀው ጦሙን ያድራል። እንዲህ ያለውን ውሻ ክፉ ማለት አይገባም፤ የያዘውን ቢያጣ ሌላ እንደማያገኝ በራብ የተማረ ነው።

እኔም ከአራት ዓመት በፊት ከዚያው ሰፈር አንድ ቡችላ አምጥቼ ነበር። በግቢዬ አስቀድሞ አንድ ጠባዩ የታወቀ አሮጌ ውሻ ነበረኝ። እንዲላመዱ ብዬ በአንድ ሳህን አበላኋቸው፤ ይህ ስሕተት ነበር። ቡችላው ባጉረመረመ ቁጥር በአርጩሜ እመታው ነበር፤ ይህም ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማጉረምረሙን ተወ፤ እኔም ጠባዩ ታረመ ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን የተወው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ፍርሃቱን አልነበረምና፥ አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ዘሎ የአሮጌውን ውሻ ጉንጭ ነከሰ። ልጄ ከዚያ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር።

ከማጉረምረሙም በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ውሻው ሰውነቱ ይደርቃል፤ አንገቱን በሳህኑ ላይ ይደፋል፤ አበላሉን ያፈጥናል፤ ራሱን ሳያዞር የዓይኑ ነጭ እስኪታይ ድረስ ወደ ጎን ይመለከታል። ይህን ያየ ሰው ሌላውን ውሻ በስሙ ጠርቶ ያርቅ እንጂ ሳህኑን ለመንጠቅ እጁን አይዘርጋ። የተነጠቀ ውሻ በማግሥቱ ይልቁን አጥብቆ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ለየራሳቸው ሳህን ይሰጣቸው፤ አንዱ በበሩ በኩል፥ አንዱ ከማድ ቤቱ ጀርባ፥ እርስ በርሳቸው በማይተያዩበት ቦታ ይብሉ። በመካከሉ የሚዘጋ በር ወይም ቆርቆሮ ቢኖር ይበልጥ መልካም ነው። ሲጨርሱም ሳህኖቹ ይነሡ፤ ባዶ ሳህንም ያጣላልና። አንዱን በሰንሰለት አስሮ ሌላውን በፊቱ ፈትቶ ማብላት በብዙ ግቢ የተለመደ ቢሆንም፥ የታሰረው መሸሽ ስለማይችል ቁጣው ይብሳል። አጥንት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ፍርፋሪ ቶሎ ያልቃል፤ አጥንት ከቀትር እስከ ማታ ይቆያል። የተቀቀለውማ ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ጭራሽ አይሰጥ።

ሰው ሲቀርበው ለሚያጉረመርም ውሻ፥ በሩቅ ቆሞ በሳህኑ ካለው የሚሻል ቁራጭ ሥጋ ወርውሮለት ዞሮ መሄድ ነው። ይህ ለብዙ ሳምንታት ሲደጋገም፥ ሰው የሚመጣው ሊቀማው ሳይሆን ሊጨምርለት መሆኑን ውሻው ይለምዳል። ይህን የሚያደርገው ግን ዐዋቂ ሰው ነው፤ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ጸብ ከተነሣ እጅ አይግባ፤ በባልዲ ውሃ መድፋት፥ ድስት ከድስት ማጋጨት ወይም ጣውላ በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል። ሰው የተነከሰ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜው ሲሰጥ ግን ያድናል። «የቤቴ ውሻ ነው፥ ዐውቀዋለሁ» እያሉ ቀን ማሳለፍ ያስፈራል። ውሾቹንም በወቅቱ ማስከተብ የጌታቸው ፈንታ ነው።

ያ ቡችላ ዛሬ ትልቅ ውሻ ሆኖ ከማድ ቤቱ ጀርባ ብቻውን ይበላል። እስከ አሁንም ምግቡ ሲቀርብለት መጀመሪያ ወደ በሩ ዞር ብሎ ያያል። በበዓል ቀን አጥንቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ለአሮጌው በበሩ በኩል፥ ለእርሱ ከጓሮ፤ ልጆቹም በመካከል ያለው በር እስኪዘጋ ድረስ ከቤት አይወጡም።