ለገሃር፦ ባቡር የማይመጣበት የባቡር ጣቢያ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ድሬዳዋ በባቡር ልሂድ ብላችሁ አዲስ አበባ ለገሃር ብትወርዱ ጣቢያው አለ፤ የድሬዳዋ ባቡር ግን የለም። ለምን?

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ለአማካሪያቸው፣ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልተመቸው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን፣ ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

(ድምፅ፦ የባቡር ጡሩምባ)

ከሕንጻው ፊት ዘውድ የደፋ፣ መስቀል የያዘ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። የቀዳማዊ አጼ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው። ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው ግን 1.435 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ነው፤ በአሮጌው ላይ መሄድ አይችልም። አዲሱ መስመርም መሐል ከተማውን ትቶ በዳር በኩል ተዘረጋ፤ የመንገደኞች ጣቢያውም ፉሪ ለቡ ሆነ።

ለገሃር ግን ሥራ አልፈታም። የከተማው ቀላል ባቡር በአጠገቡ ያልፋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሰፊ የመኖሪያና የንግድ ግንባታ ዕቅድም ታሪካዊው ሕንጻ ተጠብቆ እንዲቆይ ያደርጋል። እናም የድሬዳዋ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ለቡ ይሂድ፤ ታሪክ ማየት የፈለገ ለገሃር ይውረድ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)