በክረምት መኪና ስለ መንዳት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ ክረምት ገብቷል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ሰፈራችን ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ቁልቁለት ነው። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ልጆቻችን የሚውሉት መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሚኒባስ ተንሸራቶ አጥር ጥሶ የቆመው ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ነው። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዘንድሮ ግን ዕድልን ተማምነን መቀመጥ የለብንም ብለን ጉዳዩን አንስተናል።

አንደኛ፣ ስለ ጎማ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ ማውጣት ስለማይችል መኪናው አስፋልቱን ትቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ጎማ ውድ መሆኑን እናውቃለን። ለልጅ ሕይወት ግን መለዋወጫ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ርቀት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ከፊት ካለው መኪና የ2 ሰከንድ ርቀት ይያዛል፤ በዝናብ ግን 4 ሰከንድ ይሁን፣ ይኸውም 44 ሜትር ያህል ነው። በተለይ ካፊያው እንደ ጀመረ ተጠንቀቁ፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ተለውሶ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ይቅር። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ማውጣት ሸክሙን ሁሉ ፍሬን ላይ መጣል ነው፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ አይዝም። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው።

አራተኛ፣ ጥልቀቱን የማታውቁት ጎርፍ ውስጥ አትግቡ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ከሥሩም ክዳን የሌለው ቱቦ ሊኖር ይችላል። ውሃ አቋርጣችሁ ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ደጋግማችሁ በቀስታ ረገጥ ረገጥ አድርጉት፤ እንዲደርቅ ነው።

አምስተኛ፣ ጉም ሲሆን አጭር መብራት ይብራ። ረጅሙ ጉሙ ላይ አርፎ መልሶ የሾፌሩን ዓይን ያጥበረብራል።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቻችን፤ ለባለንብረቱ የምታስገቡት የቀን ገቢ እንደሚያስጨንቃችሁ አይጠፋንም። ሆኖም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ኩሬ ላይ ስታልፉም ለእግረኛው እዘኑለት፤ እናቶቻችንን ጭቃ አታልብሱ።

ነገሩ የሾፌር ብቻ አይደለም። ቱቦ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ጎርፉን ወደ መንገድ እየጠራው ነው። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከቁልቁለቱ አርቁልን። በመጪው እሑድ ጧት 2 ሰዓት ላይ ቱቦ ለመጥረግ ስለምንወጣ፣ አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን።

ክረምቱን በሰላም ያውጣን።

የማኅበሩ ጸሐፊ